ልጆች ኤሌክትሪክን በእጃቸው ይማሩ

(ለወላጆችና ለመምህራን የተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር)



ልጅ ወደ ሶኬት ሲጠጋ በየቤታችን የሚሰማው ቃል አንድ ነው፤ «ኮረንቲ ነው፣ እንዳትነካ!» ለሁለት ዓመት ሕፃን ከዚህ የተሻለ የሚባል ነገር የለም። የሚያሳዝነው ልጁ አሥር ዓመት ሲሞላውም፣ አሥራ አምስት ሲሞላውም በዚህ ቃል ላይ ምንም አለመጨመራችን ነው። ኮረንቲ ሰውን እንዴት እንደሚይዝ፣ የትኛው እንደሚገድልና የትኛው እንደማይጎዳ፣ ሽቦ ለምን ላስቲክ እንደሚለብስ ማንም ሳያስረዳው ያድጋል። ከዚያ አንድ ቀን ቤት ውስጥ ብቻውን ሲሆን የተበጠሰ የማከፋፈያ ገመድ በጥርሱ ልጦ ይቀጥላል። እንዳይነካ ብቻ የተነገረው ልጅ መንካት ግድ ሲሆንበት የሚመራው እውቀት የለውም።

ዛሬ የምጠይቃችሁ ልጆቻችን ቀላል የኤሌክትሪክ መሣሪያ በገዛ እጃቸው እንዲሠሩ እንድንፈቅድላቸው ነው። ሥራው በባትሪ ድንጋይ፣ በቀጭን ሽቦና በትንሽ አምፖል ይሁን፤ ከግድግዳው ኮረንቲ ይራቅ፤ አዋቂ አጠገባቸው ይኑር። እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። አደጋን በቃል ካስተማርኳቸው ይልቅ ሽቦ ይዘው የተማሩት ልጆች ጥንቃቄው በእጃቸው እንደሚቀር ደጋግሜ አይቻለሁ።

ደግሞስ ልጆቻችን መቼ ፈቃድ ጠበቁ? ከሽቦ መኪና ሠርተው ቆርኪ ጎማ የሚያደርጉት፣ ከተሰበረ ቴፕና ከአሮጌ መጫወቻ ዲናሞ አውጥተው ማራገቢያ የሚሠሩት ማንም ሳያስተምራቸው ነው። ቆራሌው ከመምጣቱ በፊት የጓሮውን ዕቃ የሚፈትሹት እነሱ ናቸው። ይህ ፍላጎት በየሰፈሩ አለ፤ የጎደለው አጠገባቸው የሚቆም አዋቂ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1791 ለንደን አጠገብ ከብረት ቀጥቃጭ አባት የተወለደ የድሃ ልጅ ነበር። በ14 ዓመቱ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሙያ ሊማር ገባ። ለጥረዛ የሚመጡትን መጻሕፍት ያነብ ስለነበር ስለ ኤሌክትሪክ የተጻፈ ነገር በእጁ ገባ፤ ያነበበውን ግን በንባብ ብቻ አልተወውም። በ1812 ለጓደኛው በጻፈው ደብዳቤ እንዳስረዳው 7 የመዳብ ሳንቲም፣ 7 ክብ የዚንክ ቁራጭና በጨው ውኃ የራሰ 6 ወረቀት ደራርቦ የራሱን ባትሪ ሠራ። ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ እንዲህ ያለውን ባትሪ ለዓለም ካስታወቀ ገና 12 ዓመቱ ነበር። ይኸው የጠራዥ ቤት ልጅ በ1821 ኮረንቲ የሚያልፍበት ሽቦ በማግኔት ዙሪያ እንዲሽከረከር አደረገ፤ በ1831 ደግሞ ማግኔት በሽቦ ጥቅል ውስጥ ሲንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር አሳየ። ዛሬ ጉባ ላይ የዓባይ ውኃ የሚያዞራቸው ጄኔሬተሮች ኃይል የሚያመነጩት በዚሁ ሕግ ነው። ፋራዴይ ካደገ በኋላ ልጆችን አልረሳም። ይሠራበት የነበረው ሮያል ኢንስቲትዩሽን ከ1825 ጀምሮ በገና ሰሞን ለወጣቶች የሚሆን የሳይንስ ንግግር ያዘጋጃል፤ እሱም ራሱ ለብዙ ዓመታት መድረኩ ላይ ቆሞ ሙከራውን በልጆች ፊት እየሠራ አስተምሯል።

ወደ አህጉራችን ስንመጣ የማላዊውን የዊሊያም ካምኳምባን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። በአገሩ ረኃብ በገባ ጊዜ የትምህርት ቤት ክፍያ አጥቶ ከክፍል ወጣ። በሰፈሩ ከነበረች ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ስለ ኃይል የተጻፈ የትምህርት መጽሐፍ ተውሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ገደማ ከብስክሌት፣ ከትራክተር ማራገቢያ፣ ከፕላስቲክ ቧንቧና ከብስክሌት ዲናሞ የነፋስ ወፍጮ ሠርቶ ቤታቸውን አበራ። ታሪኩ ሲነገር ሁሉም ስለ ወፍጮው ያወራል። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ቀጥሎ የሠራው ነው። የቤቱ ጣሪያ ሣር ስለነበር ሽቦ ከሽቦ ቢነካካ ቤቱ እንደሚቃጠል ገባው። ስለዚህ በኤሌክትሪክ ደወል አሠራር ላይ ተመሥርቶ ኮንታክት ሲፈጠር መስመሩን የሚቆርጥ ብሬከር ከሚስማርና ከማግኔት ሠራ። ማብሪያ ማጥፊያውንም ከነጠላ ጫማ ላስቲክ አበጀ። የሚሠራው ነገር እንዴት እንደሚሄድ ስለተረዳ የሚያሰጋው የቱ እንደሆነም አብሮ ተረዳ።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ ወላጅ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባው ነገር ነው። በቤታችን ግድግዳ ያለው ኮረንቲ 220 ቮልት ነው። አንድ ተራ የባትሪ ድንጋይ፣ ትንሹም ሆነ ትልቁ፣ 1.5 ቮልት ነው። ሁለት ድንጋይ ተከታትለው ሲገቡ 3 ቮልት ይሆናሉ። ቮልትን ጣሪያ ላይ እንደተሰቀለ ሮቶ ቁመት አስቡት፤ ሮቶው ከፍ ባለ ቁጥር ውኃው በቧንቧ የሚመጣበት ግፊት ይጨምራል። ሰውን የሚጎዳው ደግሞ በአካሉ ውስጥ የሚያልፈው ፍሰት ነው፤ ይህ የሚለካው በአምፔር፣ ትንሹ በሚሊ አምፔር ነው። እጁ የራሰ ሰው አካል ኮረንቲን የሚቋቋመው በግምት በ1,000 ኦም ነው። 220 ቮልት ሲነካ ታዲያ 220 ሚሊ አምፔር ያህል ሊያልፍበት ይችላል። ከ10 እስከ 20 ሚሊ አምፔር ላይ ጡንቻ ይጨመደዳል፤ ሰው ሽቦውን ልልቀቅ ቢል እጁ አይታዘዝለትም፤ «ኮረንቲ ያዘው» የምንለው ይህንኑ ነው። ወደ 100 ሚሊ አምፔር ሲደርስ የልብ ምት ሊዛባ፣ ሰውም ሊሞት ይችላል። በዚያው በራሰ እጅ ሁለት ድንጋይ ብንነካ የሚያልፈው 3 ሚሊ አምፔር ገደማ ነው። ደረቅ ቆዳ ደግሞ ከራሰ ቆዳ እጅግ የበለጠ ስለሚቋቋም በደረቅ እጅ ምንም አይሰማንም። ልጅ በድንጋይ ቢሠራ ይሻላል የምንለው ከዚህ ስሌት ተነሥተን ነው።

ብዙ አባወራ «ቆጣሪው ጋ ብሬከር አለን» ብሎ ይተማመናል። ብሬከሩ የተገጠመው ሽቦው ግሎ ቤት እንዳያቃጥል ነው። 16 አምፔር የሚል የተጻፈበት ብሬከር ከ16 አምፔር በላይ ካልሄደበት አይቆርጥም፤ ሰውን የሚገድለው ግን ከዚያ አንድ መቶኛው እንኳ የማይሞላ ነው። የሰውን ሕይወት የሚጠብቀው ሌላ ዓይነት ብሬከር ነው፤ 30 ሚሊ አምፔር ያህል ወደ መሬት ሲፈስ አውቆ በቅጽበት የሚዘጋ። አቅም ያላችሁ ባለሙያ ጠርታችሁ ይህን አስገጥሙ፤ ልጅ ያለበት ቤት ከቴሌቪዥን በፊት የሚገዛው እሱ ነው።

ድንጋይ ሁሉ ግን አይታመንም፤ ትንሽ ቮልት ያለው ሁሉ ምንም አያደርግም ማለትም ስሕተት ነው። ከሁሉ አስቀድሜ የምጠቅሰው ቁልፍ የሚመስለውን ክብ ድንጋይ ነው፤ በመኪና ሪሞት፣ በሚዛን፣ ዘፈን በሚያወጣ ፖስት ካርድና በርካሽ መጫወቻ ውስጥ የሚገባውን። ቢበዛ 3 ቮልት ብቻ ነው። ሕፃን ሲውጠው ጉሮሮው ውስጥ ተሰክቶ ይቀራል፤ ከእርጥበቱ ጋር ሲገናኝ በራሱ ኃይል እንደ ቀለም ማስለቀቂያ የሚያቃጥል ኬሚካል ይፈጥርና በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ የምግብ ቧንቧውን ክፉኛ ሊያቆስል፣ ሊበሳም ይችላል። ልጁ ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ «ይወጣል» ብላችሁ አትጠብቁ፤ እንዲያስታውከውም አታድርጉ፤ በዚያው ደቂቃ ወደ ሆስፒታል። ይህ ድንጋይ በልጆች የሥራ ጠረጴዛ ላይ ጨርሶ አይቀመጥ። ትንንሽና በጣም ጠንካራ የሆኑ ማግኔቶችም እንዲሁ ናቸው፤ ሁለት ሲዋጡ አንጀትን በመካከላቸው ይዘው ይጨፈልቃሉ። ለሥራችን የአሮጌ እስፒከር ትልቅ ማግኔት ይበቃናል።

የስልክ ባትሪ 3.7 ቮልት ነው፤ ቢበሳ ወይም ቢጣመም በእሳት ሊነድ ይችላል፤ ያበጠ ከሆነማ ከቤት መውጣት አለበት። የመኪና ባትሪ 12 ቮልት ቢሆንም ፒንሳ ቢወድቅበት በመቶ የሚቆጠር አምፔር ይለቅቃል፤ ብረት ያቀልጣል፤ ውስጡም አሲድ ነው። የስልክ ቻርጀርን ልጅ አይክፈት፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያለው ካፓሲተር ወደ 300 ቮልት የሚጠጋ ይዞ ሊቆይ ይችላል። የድሮው ሣጥን ቴሌቪዥን ከዚህ ይብሳል፤ ሥዕል ማሳያው በብዙ ሺህ ቮልት ስለሚሠራ ከተነቀለ ከቀናት በኋላም አይታመንም። ማይክሮዌቭ ለባለሙያም አስፈሪ ነው። እንግዲህ ልጁ ዕቃ ፈትቶ ዲናሞ ማውጣት ቢፈልግ በድንጋይ ብቻ የሚሠራ መጫወቻ ስጡት፤ ወደ ግድግዳ የሚሰካ ገመድ የነበረው ዕቃ አይሰጠው።

ስለ ተራው ድንጋይም ሁለት ነገር ልበል። ሱቅ ስትሄዱ ርካሹንና መናኛ የምንለውን የዚንክ ካርቦን ድንጋይ ለልጅ ግዙ፤ ሁለቱ ጫፎች በስሕተት በሽቦ ቢገናኙ ከአልካላይኑ ያነሰ ፍሰት ስለሚሰጥ ያን ያህል አይግልም። ሁለተኛ፣ ያለቀ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ማስጣትና በጥርስ መንከስ፣ ሰባብሮም በጥቁሩ ዱቄት ሰሌዳ ማጥቆር የቆየ ልማዳችን ነው። ውስጡ ያለው ነገር ለልጅ እጅና አፍ የሚሆን አይደለምና ይህን ልማድ እንተወው።

የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ጥቂት ናቸው። ትንሽ ፒንሳ፣ ሁለት ዓይነት ካቻቪቴ፣ ናስትሮ፣ መቀስ፣ ማስመሪያ፣ የካርቶን ቁራጭ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ወርዶ የፈለገ ሰው ሁሉንም በቅናሽ ያገኛል። የእጅ ባትሪ አምፖልና ቀጭን ሽቦ በየሰፈሩ ኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ አለ። ሽቦ መላጫ ካገኛችሁ በጣም ጥሩ፤ ይህ መሣሪያ ጥርስን ያድናል። ካጣችሁ በምላጭ ምትክ መቀስ ይሁን፤ ልጁ ሽቦውን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ ላስቲኩን ዙሪያውን በቀስታ ይጫን፣ ከዚያ በጣቱ ይጎትት። መዳቡን ከቆረጠው ችግር የለም፤ እንደገና ይላጥ። ስለት ሁልጊዜ ከያዘው እጅ ወደ ውጭ እንዲሄድ ከመጀመሪያው ቀን አስለምዱት።

መጀመሪያ ምን ይሥሩ? ብዙ ሰው የእጅ ባትሪ ይላል። እኔ የጥያቄና መልስ ሰሌዳን አስቀድማለሁ፤ ለምን እንደሆነ ላሳያችሁ። ካርቶን ውሰዱ። በግራ በኩል ጥያቄ፣ በቀኝ በኩል መልስ ይጻፍ፤ ፋሲለደስ፣ ሶፍ ዑመር፣ ጣና፣ ራስ ዳሽን በግራ፤ ጎንደር፣ ባሌ፣ የዓባይ መነሻ፣ ሰሜን ተራሮች በቀኝ፤ መልሶቹ ቅደም ተከተላቸው ተዘበራርቆ። ከእያንዳንዱ ጽሑፍ አጠገብ ካርቶኑ ይበሳና ትንሽ ብሎን ይግባበት። አሁን ካርቶኑ ይገልበጥ። በጀርባው እያንዳንዱን ጥያቄ ከትክክለኛ መልሱ ጋር የሚያገናኝ የአሉሚኒየም ፎይል ሰቅ ይዘርጋ፤ በላዩም ፕላስተር ይለጠፍበት። ከዚያ ሁለት ድንጋይ፣ አንድ አምፖልና ሁለት ረጅም ሽቦ። አንዱ ሽቦ ጥያቄውን፣ ሌላው መልሱን ሲነካ፣ መልሱ ልክ ከሆነ አምፖሉ ይበራል።

የሰሌዳው ትምህርት ያለው በጀርባው ነው። ሰቆቹ መንገድ ላይ መተላለፋቸው አይቀርም። ልጁ ቸኩሎ ፕላስተሩን ሳይለጥፍ አንዱን በሌላው ላይ ካሳለፈ «ፋሲለደስ — ባሌ» ሲነካም አምፖሉ ይበራል። ጓደኞቹ ይስቃሉ፤ እሱ ግን ካርቶኑን ገልብጦ ይመረምራል፤ ሰቅ ከሰቅ የተነካካበትን ቦታ ያገኝና ይሸፍነዋል። በዚያች ቅጽበት ሽቦ ለምን ላስቲክ እንደሚለብስ፣ ኮንታክት ምን እንደሆነ ማንም ሳይነግረው አወቀ። ሲያድግ ላስቲኩ የተላጠ የምጣድ ገመድ ሲያይ አልፎት አይሄድም።

በዚህ ጊዜ ለአዋቂው ከባድ የሚሆነው ዝም ማለት ነው። አምፖሉ አልበራም ብሎ ሲመጣ ከእጁ ነጥቀን አናስተካክልለት። «ከድንጋዩ ፖዘቲቭ ጀምረህ መንገዱን በጣትህ ተከተል፤ የት ተቋረጠ?» እንበለው። ድንጋዩ ተገልብጦ ይሆናል፣ አምፖሉ ላልቶ ይሆናል፣ የሽቦው ጫፍ ገና ላስቲኩ አልተላጠ ይሆናል። መንገዱን በጣቱ ዞሮ ወደ ድንጋዩ ኔጌቲቭ ሲመለስ ስሕተቱን ራሱ ያገኘዋል።

ከተራ አምፖል ወደ ኤልኢዲ ሲሸጋገሩ አንድ ስሌት ይጨመራል። ቀዩ ኤልኢዲ የሚፈልገው 2 ቮልት ገደማ ነው፤ ሁለት ድንጋይ 3 ቮልት ይሰጣሉ። ትርፉን 1 ቮልት የሚይዝ 100 ኦም ሬዚስተር መሐል ሲገባ 10 ሚሊ አምፔር ያልፋል፤ ኤልኢዲው ሳይቃጠል ይበራል። ሬዚስተሩ ላይ ያሉት ቀለሞች ቡኒ፣ ጥቁር፣ ቡኒ ናቸው። ረጅሙ እግር ወደ ፖዘቲቭ ይዞራል። ክፍል ውስጥ ማካፈል የሚሰለቸው ልጅ እዚህ ላይ እርሳስ አንሥቶ ሲያሰላ አይቻለሁ።

ልጆችን በደስታ የሚያስዘልላቸው ግን ሞተሩ ነው። አንድ ትልቅ ተራ ድንጋይ፣ ሁለት መርፌ ቁልፍ፣ አንድ ማግኔትና ቫርኒሽ የተቀባ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ብቻ ይፈልጋል፤ ሽቦው ሞተር የሚጠመጥሙ ሠራተኞች ዘንድ በትርፍራፊ ይገኛል። ሽቦውን በድንጋዩ ዙሪያ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ጠምጥሞ ማውጣት፤ ሁለቱን ጫፎች በግራና በቀኝ ቀጥ አድርጎ ማስቀረት። መርፌ ቁልፎቹን በድንጋዩ ሁለት ጫፍ በናስትሮ አጥብቆ ማሰር፤ የጥቅሉን ጫፎች በቀዳዳቸው ማሳለፍ፤ ማግኔቱን ከጥቅሉ ሥር ማኖር። እስካሁን ቀላል ነው። ቁም ነገሩ ያለው ቫርኒሹን መፋቅ ላይ ነው። አንዱ ጫፍ ዙሪያውን ሙሉ በሙሉ ይፋቃል። ሌላው ግን በአንድ ጎኑ፣ ግማሹ ብቻ። ሁለቱንም ሙሉ የፋቀ ልጅ ጥቅሉ አንዴ ወዲያ አንዴ ወዲህ ሲወዛወዝ ያያል እንጂ አይዞርለትም፤ ምክንያቱም ጥቅሉ በተገለበጠ ቁጥር ግፊቱም አብሮ ይገለበጣል። ግማሹ ብቻ ሲፋቅ ኮረንቲው በተሳሳተው ግማሽ ዙር ላይ ይቋረጣል፤ ጥቅሉ በያዘው ፍጥነት ያን ግማሽ ያልፍና እንደገና ይገፋል። በጣት ትንሽ ካስነሡት በኋላ መዞር ይጀምራል። ፋራዴይን ዝነኛ ያደረገው ጉዳይ በአንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ መዳፍ ላይ ሲሽከረከር ማየት ለመምህር ትልቅ ደስታ ነው። ከጥቂት ሰከንድ በላይ ከቆመ ግን ሽቦው ይግላል፤ ድንጋዩም ይሞቃል፤ ስለዚህ የማይዞር ከሆነ ወዲያው ይነቀል። ሽቦ ለምን እንደሚግል፣ አንድ ማከፋፈያ ላይ ምጣድና ስቶቭ አብረው ሲሰኩ ለምን እንደሚቀልጥ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አይገኝም።

ስለ ብየዳ ባጭሩ። በመጀመሪያው ዓመት አያስፈልግም፤ ሽቦ መጠምዘዝና በናስትሮ መሸፈን በቂ ነው። መበየጃው ጫፉ ከ300 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። የሚሰካውም ግድግዳው ላይ ነው። ስለዚህ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ የሞላው፣ ትእዛዝ የሚሰማ ልጅ፣ አንድ በአንድ፣ አዋቂ እጁ ሥር ሆኖ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ መነጽር አድርጎ ይሥራ። ብዙው ስታኞ፣ የሚቀልጠው የብየዳ ሽቦ ማለት ነው፣ የእርሳስ ብረት ስላለበት ሲጨርስ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ምግብ አይቅረብ።

አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። ሴት ልጆቻችን። ወንድምዬው ሬዲዮ ሲፈታ «ጎበዝ ነው» እንላለን፤ እኅቱን ቡና አፍይ ብለን እንጠራታለን። የቤታችንን ኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ስቶቭና ማፍያ በየቀኑ የምትነካው ግን እሷ ናት፤ ብዙ ጊዜም በራሰ እጅ። ስለ ኮረንቲ ከማንም በላይ ማወቅ ያለባት እሷ ከሆነች ፒንሳው መጀመሪያ ለእሷ ይሰጣት።

መምህራን ደግሞ «ክፍላችን ስልሳ ልጅ ነው፤ ዕቃ ከየት?» ትሉኛላችሁ። ጥያቄው ትክክል ነው። አምስት አምስት ሆነው ይቀመጡ፤ ለእያንዳንዱ ቡድን ሁለት ድንጋይ፣ አንድ አምፖል፣ አንድ ክንድ ሽቦ ይበቃል። አንዱ የሚሠራ፣ አንዱ የሚጽፍ፣ አንዱ ስሕተት ፈላጊ ይሁን፤ በየሳምንቱ ይቀያየሩ። ድንጋዮቹ በክፍለ ጊዜው መጨረሻ ተቆጥረው ወደ ሣጥን ይመለሱ፤ ኪስ ውስጥ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር የገባ ድንጋይ ሱሪ ሊያቃጥል ይችላል። ረጅም የደንብ ዝርዝር ሰሌዳ ላይ አትጻፉ። አንድ ደንብ ይበቃል፤ «እዚህ የሠራነው ወደ ሶኬት አይጠጋም።» ይህንን በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ልጆቹ ራሳቸው ይናገሩት። ይህን ደንብ የምደጋግመው የልጅ አእምሮ ወዴት እንደሚሄድ ስለማውቅ ነው፤ በሁለት ድንጋይ የዞረ ዲናሞ በግድግዳው ኮረንቲ ይበልጥ ይፈጥናል ብሎ ማሰቡ ለእሱ ምክንያታዊ ነው። ስለዚህ ሳይጠይቅ በፊት መልሱን እንስጠው፤ ቅድም ያሰላነውን የ220 እና የ3 ሚሊ አምፔር ልዩነት በሰሌዳ ላይ አስልቶ ይየው።

ሰው ኮረንቲ ሲይዘው ምን እንደሚደረግም አብሮ ይለማመዱት። የተያዘውን ሰው በእጅ አለመንካት፤ የያዘ ሁሉ አብሮ ይያዛልና። መጀመሪያ ወደ ቆጣሪው ሮጦ ብሬከሩን መጣል። ብሬከሩ ሩቅ ከሆነ ደረቅ ነገር ላይ ቆሞ በደረቅ እንጨት ወይም በፕላስቲክ ወንበር ሽቦውን ከሰውየው ማራቅ። የውጭ የምሰሶ ሽቦ ወድቆ ከሆነ ግን ማንም አይጠጋ፤ እንጨትም አያድንም፤ ለመብራት ኃይል ይደወል። ሰውየው ከተላቀቀ በኋላ ካልተነፈሰ ደረቱን ተጭኖ የልብ እርዳታ የሚሰጥ ሰው ይጠራ፤ ቢተነፍስም ሐኪም ይየው። የብሬከሩን ቦታ ልጆቻችሁ ያውቃሉ? ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ጠይቋቸው።

የመጨረሻው፣ ብዙ ጊዜ የሚቀርብልኝ ጥያቄ፣ ልጁ ወደ ግድግዳው ኮረንቲ መቼ ይሻገር የሚል ነው። ስምንት ዓመት ላይ ሰሌዳውን፣ አሥር ላይ ሞተሩንና ኤልኢዲውን፣ አሥራ ሁለት ላይ ብየዳውን ይችላል፤ እንደ ልጁ ጠባይ አንድ ሁለት ዓመት ወዲያ ወዲህ ይላል። 220 ቮልት ግን የቤት ትምህርት አይደለም። ፍላጎቱ እስከዚያ ድረስ ከጸና የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ይግባ፤ በዚያ አሠልጣኝ ፊት መስመሩን ማጥፋት፣ ኮረንቲ አለመኖሩን በቴስተር ማረጋገጥ፣ ከዚያ ብቻ መንካት ይማራል። እስከዚያው የቤታችሁ ሶኬት ሲላላ ባለሙያ ጥሩ፤ ልጁንም ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ አቁሙት፤ ባለሙያው ካቻቪቴውን ከማንሣቱ በፊት ብሬከሩን ሲያጠፋ ይመልከት።